ፕላስቲኩ መቼ ነው የሚመጣው?

ጥቅምት 6

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ከረምክልኝ? የእማዬ ጉልበትስ ተሻለው? እኔ ከእግር ድካም በቀር ምንም አልሆንኩም። ደብዳቤህን ጢማሙ ሹፌር መሥሪያ ቤቴ በር ድረስ ይዞልኝ መጣ። ዘበኛው ደግሞ «እጮኛሽ ነው እንዴ?» እያለ ሲያበሽቀኝ ዋለ። መልሴ የዘገየው በሥራ ብዛት ነውና ይቅር በለኝ።

ደጋግመህ የጠየቅከኝን ልመልስልህ። ፕላስቲኩ መቼ እንደሚመጣ እኔም አላውቅም፣ የሚያውቅም የለም። ጭራሽ መምጣቱም ገና አልተቆረጠም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ትንንሾቹ የወረቀት ብሮች ቶሎ እያረጁ ብር የሚያሳትመውን ባንክ አስቸግረዋል። በፕላስቲክ ቢታተሙ ሕዝቡ ምን ይላል የሚለውን እንድናጣራ ሥራውን ለእኛ መሥሪያ ቤት ሰጠ። እኔና ጠያቂዎቼ ናሙናውን በላስቲክ ከረጢት ይዘን ከሱቅ ሱቅ እንዞራለን። ትልልቆቹን ብሮች የሚነካቸው የለም።

ሰዉማ ጉድ ነው። አንድ ሥጋ ሻጭ ናሙናውን በደማም እጁ ተቀብሎ፣ ባልዲ ውስጥ ነክሮ፣ በሽርጡ ጠርጎ «ብር ማለት ይኼ ነው!» አለኝ። ከሱ ቀጥሎ ያለችው ልብስ ሰፊ ግን ካውያዋን አስጠግታ ጫፉን አኮማተረችብኝ። «እኔ ብሬን የምደብቀው የካውያ ጠረጴዛዬ ጨርቅ ስር ነው። አንድ ቀን ረስቼ ብተኩስበትስ?» አለች። ስለተኮማተረው ናሙና ለአለቃዬ የማስረዳው እንግዲህ እኔ ነኝ። አንዲት አሮጊት ደግሞ «መሀረብ ውስጥ ቋጥሬው ይንሸራተታል፤ ብር ነው ዓሣ?» አሉኝ።

ስጋትህ ይገባኛል። ያሳደግከኝ የተቀደደ ብር እየጠገንክ ነው። መናኸሪያው በር ላይ ያለችው ባለመስታወት ሳጥንህ፣ ሙጫህ፣ ስሱ ወረቀትህ አሁንም ዓይኔ ላይ ናቸው። ፕላስቲክ ደግሞ እንደ ወረቀት በቀላሉ አይቀደድም። ግን ከአሁኑ እንቅልፍ አትጣበት። እስካሁን ከጠየቅናቸው የሚበዙት ወረቀቱ ይሻለናል ነው የሚሉት።

ደግሞ ፊደልህ ምነው እንዲህ ገዘፈ? ገጹን በጥቂት መስመር ሞላኸው እኮ። አንደኛ ክፍል የመለስከኝ መሰለኝ።

ልጅህ


ጥቅምት 19

ለወይዘሪት መጠይቅ፣

እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ከሷ ብሶ ይነጫነጫል። ይህን ብሏል ብለሽ እንዳትነግሪብኝ። ስልኩ በሷ እጅ ነው፤ ስታወራበት ደግሞ እንደ ሬዲዮ ከፍታው ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚያዳምጠን። ስለዚህ የኔና ያንቺ ወሬ በጢማሙ በኩል ይሂድ። እሱ አያነብም ባይ ነው፣ እኔም አምኜዋለሁ።

ስለ ፊደሌ ብዙ አትጨነቂ። ብዕር ቀይሬ ነው። ወፍራም ብዕር ወፍራም ፊደል ይጽፋል።

ሥራ አለ። ሰዉም ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እንጃ ሥርዓት ይዟል። ድሮ ጨምድደው ነበር የሚወረውሩልኝ። ግማሹ ከአንድ ኪስ፣ ግማሹ ከሌላ ኪስ ይወጣል፤ ግራና ቀኙ ላይ የታተመውን መለያ ቁጥር አመሳክሬ የማገናኛቸው እኔ ነበርኩ። አንቺም ጭኔ ላይ ቁጭ ብለሽ ታገኚልኝ ነበር። አሁን ሁለቱን ግማሽ ራሳቸው አገናኝተው፣ በመርፌ ቁልፍ አያይዘው ነው የሚያመጡልኝ። የአውቶቡስ ረዳቶቹ ሳይቀሩ! እኔ መለጠፍ ብቻ ሆኗል ሥራዬ። ጎረቤቴን ሰዓት ሠሪውን «ሰዉ ምን ነካው?» ብለው «ዘመኑ ሠልጥኖ ነው» አለኝ። መርፌ ቁልፉን እንኳ መልስልን የሚለኝ የለም፤ አንድ ቆርቆሮ ሞልቶልኛል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የሚቃወሙት ይበዛሉ ብለሽ ያጽናናሽኝ መስሎሻል። ማን አጽናኚኝ አለሽ? እኔ ከደጋፊዎቹ ነኝ። መጠይቅሽ ላይ አንድ ሰው ጨምሪ፤ ሥራው ብር ጠጋኝ፣ አስተያየቱ «ይምጣ፣ ቶሎም ይምጣ»። ወረቀቱ የሰው ላብ ጠጥቶ ጠጥቶ ሽታው ራሱ ሌላ ሆኗል። አሳርፉት።

የሚወስነው ማን ነው? አንቺ የምታውቂው ሰው ነው?

አባትሽ


ኅዳር 3

አባባ፣

ሰላምታዬ እንደተለመደው ብዙ ነው። ደብዳቤህን አንብቤ ሳቅኩ። «ይምጣ» ያልከው የልጄ ሥራ እንዳይሰናከል ብለህ ነው አይደል? ይገባኛል እኮ። እኔ ሥራዬ መጠየቅ ነው፣ ሰዉ ምንም ይበል ምን ደሞዜ አይነካም። አንተን ደግሞ ላስገባህ ብል አልችልም። የጠያቂ ዘመድ አይቆጠርም፤ ደንብ ነው። የሚወስኑትንም ሰዎች በሩቁ እንጂ በቅርብ አላውቃቸውም።

ግን አንድ ነገር አድርጌልሃለሁ። በወረቀት ብር ምክንያት እንጀራቸውን የሚያገኙ ሰዎች ይጠየቁ ብዬ አለቃዬን ወጥሬ ያዝኩት። «እነማን ናቸው እነሱ?» አለኝ። ብር ጠጋኞች አልኩት። «እንዲህ ያለ ሥራም አለ እንዴ?» አለ። «እኔ የተማርኩት በዚያ ሥራ ነው» ስለው ብዕሩን አንስቶ ጥያቄውን አስገባልኝ። ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍልህ። ሪፖርቱ ላይ ስምህን ሳልጠራ ስለ አንተ ሁለት ሦስት መስመር ለመጻፍ አስቤያለሁ።

ለዚያ እንዲሆነኝ አንተ የጠገንከውን አንድ ብር ላክልኝ። አለቃዬ መጋጠሚያውን ፈልጎ ሲያጣ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።

ወደናንተ ከተማም ጠያቂ ይመጣል፣ መናኸሪያው ውስጥ ትሠራለች። ሳቂታዋ ባልደረባዬ ናት። አንተ አባቴ መሆንህን ስለነገርኳት ባንተ በኩል ብታልፍም አትጠይቅህም፤ እንዳትቀየማት።

እማዬ ስልክ ላይ «ረዳቱ እቤት ድረስ መጥቶ ነበር» አለችና ወሬዋን ቆረጠችው። የትኛው ረዳት? ምን ፈልጎ?

ልጅህ


ኅዳር 17

ለልጄ፣

ያልሽው የተጠገነ ብር እዚሁ ውስጥ ታጥፏል። ሳጥኔ ውስጥ ከተራረፉ ግማሾች መርጬ፣ እቤት መስኮቱ ስር ቁጭ ብዬ ነው የሠራሁት። አለቃሽ ይፈልግ፣ ያገኝ እንደሆነ እናያለን።

የረዳቱ ነገር ሥራ ላይ የሚያጋጥም ነው። ተነጋግረን ጨርሰነዋል፣ አንቺም ጨርሺው።

ያን ጥያቄ ግን አንሺው። ሪፖርቱም ላይ ስለ እኔ አንድ መስመር እንዳትጽፊ። እኔን ልታድኚ ብለሽ ነገሩን እንዳታሰናክይ ነው የምልሽ። ፕላስቲኩ ሲመጣ ሳጥኔን እንደምዘጋ ለእናትሽም፣ ለመናኸሪያው ሰውም ተናግሬ ጨርሻለሁ። ሁሉም ከንፈሩን መጥጦልኛል፣ ሰዓት ሠሪውም የሳጥኑን መስታወት ለራሱ ጠይቆኛል። እኔ ተዘጋጅቻለሁ። የቀረው የነሱ መወሰን ነው።

ምነው እንዲህ ጎተቱት? ስንት ሰው ሲጠየቅ ነው የሚበቃቸው? መቼ ነው የሚመጣው?

አባትሽ


ኅዳር 24

አባባ፣

የጠገንከው ብር ደርሶኛል። ለአለቃዬ አላሳየሁትም።

ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ላይ ገለጥኩት። አጣባበቅህ እንደ ድሮህ ነው፣ በጣት ቢዳሰስ አይገኝም። ግን የግራው ቁጥር በሦስት ያልቃል፣ የቀኙ በስምንት። የሁለት የተለያዩ ብሮች ግማሾች ናቸው አባባ። ድሮ ጭንህ ላይ ሆኜ እንዲህ ብሳሳት ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ ነበር።

መጀመሪያ ቸኩሎ ነው አልኩ። እቤት ስገባ ደብዳቤዎችህን ሁሉ አልጋዬ ላይ ዘረጋኋቸው። ፊደልህ ከወር ወር እየገዘፈ ይሄዳል። በመጨረሻው ላይ ደግሞ መስመሮቹ እርስ በርስ ይወጣጣሉ። ብዕሩ አይደለም። ዓይንህ ነው።

ተናድጄብሃለሁ። አልቅሻለሁም፣ አልዋሽህም። እኔ እዚህ የማላውቀውን ሰው ሁሉ «ምን ያስባሉ?» እያልኩ ስዞር የገዛ አባቴ ምን እንደሆነ አላውቅም። ከመቼ ጀምሮ ነው? እማዬ ታውቃለች? ሐኪም ዘንድ ሄደሃል?

የጻፍከውን ሁሉ እንደገና ሳነበው ደግሞ ሌላ ነገር ገባኝ። ፕላስቲኩን የምትፈራው መስሎኝ ነበር። አንተ ለካ እየጠበቅከው ነው።

ማንም የማያየውን መልስ ጻፍልኝ።

ልጅህ


ታኅሣሥ 5

ልጄ፣

ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። መስመሮቼ ቢጣበቁም ግድ የለም፤ ማጣበቅ ሥራዬ ነው።

ካለፈው ክረምት ነው የጀመረኝ። ቀኝ ዓይኔ እንፋሎት እንዳረፈበት መስታወት ሆነ፤ ግራውም ተከተለው። የሰው ፊት አያለሁ፤ የእጅ ጽሑፍሽንም ፀሐይ ላይ ዘርግቼ በግድ እለቅመዋለሁ። ቁጥር ግን ከዳኝ፤ ሦስትና ስምንት አንድ ሆነውብኛል። መጀመሪያ የሳጥኑን መስታወት ወለወልኩ። ቀጥሎ የቤቱን አምፖል ቀየርኩ፣ ከዚያ ብዕሩን። ያልቀየርኩት ዓይኔን ብቻ ነው።

የረዳቱን ነገር ልንገርሽ፤ መስከረም ላይ ነው። የሱን ግማሽ ከሌላ ሰው ግማሽ ጋር ለጥፌ ሰጠሁት። ባንክ ሲሄድ መለሱበት። መናኸሪያው መሀል ቆሞ ጮኸብኝ፤ «ሽማግሌው ሊበላኝ ነው!» አለ። ሲመሽ ደግሞ ምን እንደመከረበት እንጃ እቤት መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔ ቸኩዬ ነው አልኩት። ከጩኸቱ ይልቅ ይቅርታው ነው ያሳፈረኝ። ለእናትሽ ምንም አልነገርኳትም። ሐኪም ዘንድም አልሄድኩም፤ ሐኪም ዘንድ ከተሄደ ነገሩ እውነት ይሆናል።

ሠላሳ ዓመት ሰው ግማሽ ብሩን አምኖ ሲሰጠኝ ኖሯል። «ዓይኑ ጠፍቶ ተወው» ከሚባል «ፕላስቲክ መጥቶ አስተወው» ቢባል እመርጣለሁ። ፕላስቲክ ሥራውን የነጠቀው ሰው ይታዘንለታል፣ ሻይ ይጋበዛል፣ መንግሥትን ያማል። ዓይኑ የጠፋውን ግን እጁን ይዘው መንገድ ያሻግሩታል። እኔ እጄን ለማንም ማስያዝ አልፈልግም። ገና ነኝ።

እንግዲህ ጠይቄሽ የማላውቀውን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚያ አንቺ ዘንድ የሚሰበሰበውን መልስ ጥቂት ወደ ፕላስቲኩ ዘንበል ማድረግ አይቻልም? ይኼ ቀልድ ነው። ካልተቻለ ቀልድ ነው።

አባትሽ


ጥር 12

አባባዬ፣

ዝም ያልኩህ ተቀይሜህ አይደለም። የምነግርህ ነገር እስኪለይለት ነው። ይቅር በለኝ፤ ቀልድህ ብዙ ሌሊት አላስተኛኝም። ማዘንበል ይቻል ነበር። ደንቡ ሳይሆን እጄ ነው እምቢ ያለኝ። ግማሽን ከሌላ ግማሽ ጋር መለጠፍ እንዴት እንደሚያስነውር ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ አሁን ተነስተህ ለጥፊ ብትለኝ አልችልም።

ውጤቱ ወጥቷል። ሰዉ በወረቀቱ ጸንቷል። ባንኩም ትንንሾቹን ብሮች ወደ ፕላስቲክ የመቀየሩን ነገር ለጊዜው ትቶታል። «ለጊዜው» ሲሉ ዓመታት ማለታቸው ነው። ፕላስቲኩ አይመጣም አባባ። ይህን ስጽፍልህ ክፉ ዜና የምጽፍ ያህል እየከበደኝ ነው።

አሁን ደግሞ ሳቂታዋ ባልደረባዬ ከናንተ መናኸሪያ ተመልሳ የነገረችኝን ልንገርህ። የማንንም ስም አልጠራችም። አሳስቃ ልታወራኝ ጀምራ መሀል ላይ መሳቁን ተወችው።

መጀመሪያ ያገኘችው አንድ ረዳት ነው። ናሙናውን እያገላበጠ «ለእኔ እንኳ ፕላስቲኩ ነው የሚሻለኝ፤ ወረቀቱ እጄ ላይ እየተበጣጠሰ መከራዬን ነው የማየው» አላት። ፕላስቲክ ብላ ልትመዘግብ ስትል ብዕሯን ያዘባት። «አይ አይ፣ ወረቀቱ ይቀጥል ብለሽ ጻፊ። ጠጋኙ ጋሼ ምን ሊሠሩ ነው?» ቀጥላ ሻንጣ ተሸካሚውን ጠየቀችው፤ ወረቀት። ሻይ የምታዞረውን ጠየቀች፤ ወረቀት፣ ለጠጋኙ ሲባል። ሰዓት ሠሪው ጋ ስትደርስ ወዳንተ ሳጥን ዞር ብለው አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቀስ በይ፣ እንዳይሰማ። ዓይኑ ደክሟል፤ እኛ ያወቅን አልመሰለውም። ስለዚህ ቁጥሩን እኛው እያመሳከርን፣ በመርፌ ቁልፍ እያያዝን ነው የምንሰጠው። መርፌ ቁልፉን የማከፋፍለው እኔ ነኝ። ፕላስቲክ አምጥታችሁ ይኼን ሁሉ ልፋታችንን መና እንዳታስቀሩት» አሏት።

ዘመኑ ሠልጥኖ አይደለም አባባ።

የናንተ መናኸሪያ ባይኖርም ወረቀቱ ማሸነፉ አይቀርም ነበር፤ የሌላውም ከተማ መልስ ያው ነው። ምክንያታቸው ግን ሌላ ነው። ልብስ ሰፊዋ ካውያዋን ነው የፈራችው። አንተ ዘንድ ግን ሰዉ አንተን ብሎ ነው። እያንዳንዱ ላንተ ደግ የዋለ መስሎት የምትፈልገውን ነገር ከለከለህ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

እዚህ ያለ የዓይን ሐኪም አነጋግሬያለሁ። እንደነገርከኝ ከሆነ ሞራ ሳይሆን አይቀርም፣ ይገፈፋል ብሎኛል። ሳያይህ ቃል አልገባም። ቀጠሮ ይዤልሃለሁ። ለእማዬ ግን እኔ አልነግራትም። እሱ ያንተ ፋንታ ነው።

ልጅህ


ጥር 25

ለልጃችን፣

ፊደሉ ያማረው እኔ ድኜ አይደለም። እኔ እየነገርኳት እናትሽ ናት የምትጽፈው። ቃሌን ሳትጨምር ሳትቀንስ እንድትጽፍ ተስማምተናል። (አልተስማማንም። ጉልበቷ ይነጫነጫል ማለቱን በስልክ ነግረሽኛል። እናትሽ።)

የነገርኳት ደብዳቤሽ የደረሰ ዕለት ነው። ልብስ ታጥፍ ነበር። «ዓይኔ እያየልኝ አይደለም» አልኳት። ማጠፏን አላቆመችም፤ «አውቃለሁ» አለች። ከመቼ ጀምሮ ብላት «ኮት መስቀያውን እንግዳ መስሎህ ‹እንዴት ዋልክ› ያልከው ቀን» አለችኝ። ታዲያ ምነው ዝም አልሽ ስላት «አንተ እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ» አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ ተቆጣችኝ፤ እሱን እንዳትጽፊው ብያታለሁ። (ይገባው ነበር፤ አልተቆጣሁትም፣ አለቀስኩ እንጂ።)

ያቺ ሳቂታ ጠያቂሽ ገበያ ላይ እናትሽንም አግኝታት ኖሯል። የማን ሚስት እንደሆነች ግን አላወቀችም። ምን እንደመለሰች ጠየቅኳት። ወረቀቱ ይቀጥል ብላለች። እኔ ቤቴ ውስጥ ያለችውን እንኳ ማሳመን አልቻልኩም፣ አንቺን አዘንብይ ስል ነበር። ያልኩሽን እርሺው። እጅሽ እምቢ ማለቱ ደስ ብሎኛል። (የጠያቂ ዘመድ አይቆጠርም ካልሽ የኔን መልስ አውጪው።)

በማግስቱ መናኸሪያ ሄድኩ። ሳጥኔን ከከፈትኩ በኋላ ሰዓት ሠሪውን፣ ረዳቱን፣ ሻይ አዟሪዋን ጠራሁና «ዓይኔ ታሟል፣ ልታከም ነው፤ እስከዚያ ብር አልቀበልም» አልኳቸው። ይደነግጣሉ ስል ማንም ምንም አልመሰለውም። ረዳቱ መሬት መሬት እያየ «ይገባል» አለ። ሰዓት ሠሪው ግን እጁን ዘርግቶ «እንግዲያው መርፌ ቁልፎቻችንን መልስልና! ገዝቼ ገዝቼ አለቀብኝ እኮ» አለኝ። ቆርቆሮውን አውጥቼ ሰጠሁት። ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ፣ ዓይኔም አለቀሰ፤ ለማልቀስ አልሰነፈም። አመሻሹ ላይ ረዳቱ መንገድ ልሻገር ስል ሳይጠይቀኝ እጄን ያዘኝ። ለቀቅ አላደረግኩትም።

ሳጥኑን ዘግቼ ቁልፉን ለሰዓት ሠሪው ሰጥቼዋለሁ። መስታወቱን ግን ከልክዬዋለሁ። ሐኪሙ ጥሩ ሠርቶ ከላከኝ እከፍተዋለሁ፣ ካልሆነም ተናግሬ እዘጋዋለሁ። በቀጠሮው ቀን በጢማሙ አውቶቡስ እንመጣለን፣ የፊት ወንበር ይዞልናል። (እኔም አለሁበት፤ ለጉልበቴ ሐኪም ፈልጊልኝ። ቤትሽን ጥረጊ።)

ከዚህ በታች ያለውን ብዕሩን ተቀብያት እኔው ነኝ የምጽፈው፣ ቢጣመምም አንብቢው።

ፕላስቲኩ አይቸኩል።

አባትሽ